ቁማርተኛው የማያነበው ደብተር

የዱቤ ደብተር የማያውቅ የሰፈር ልጅ የለም። ባለሱቁ ጆሮው ላይ የሰካትን እስክርቢቶ ያወርድና «ስኳር አንድ ኪሎ፣ ሳሙና ሁለት» እያለ ይጽፋል። ወር ሲሞላ ደብተሩ ይዘረጋል። ተበዳሪው «ይህቺን ሳሙና እኔ አልወሰድኳትም» ይላል፤ ባለሱቁ «ልጅህ ነው የወሰዳት፣ ጠይቀው» ይላል፤ ተጨቃጭቀው ይተራረማሉ። ደብተሩ የባለሱቁ ንብረት ቢሆንም ሁለቱም ያነቡታል። ስንቱን ቤተሰብ ከወር ወር ሲያሻግር የኖረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ሌላ ዓይነት ደብተር ነው። ይህኛው ስለ እናንተ ሁሉን ይጽፋል፤ እናንተ ግን አንዲት መስመር አታነቡለትም። ስንት እንደተበላችሁ፣ ስንት ስትበሉ ተናዳችሁ እንደምትነሱ፣ ከተነሳችሁ በኋላ ምን ቢሰጧችሁ እንደምትመለሱ ይመዘግባል። ፈረንጆቹ በንግድ ቋንቋቸው «ሲ.አር.ኤም» ይሉታል፤ በእኛ አነጋገር የደንበኛ ግንኙነት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር መሆኑ ነው። ባንኩም፣ አየር መንገዱም፣ ሆቴሉም ይገለገልበታል። በዚያ ነውር የለበትም። ነገሩ መልኩን የሚለውጠው ቁማር ቤት ሲገባ ነው።

«አንተ ደግሞ! ኑሮው እንዲህ አናት ላይ ወጥቶ የላስ ቬጋስ ካዚኖ ምን አገባህ?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ትንሽ ይታገሠኝ። ደብተሩ የተጻፈው ላስ ቬጋስ ቢሆንም፣ በኪሳችን በያዝነው ስልክ በኩል ሰፈራችን ለመግባት ቪዛ አላስፈለገውም።

ፕሮፌሰሩ ቁማር ቤት ገቡ

ታሪኩ አሜሪካ ይጀምራል። (ዓመተ ምሕረቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።) የዚያን ጊዜ የላስ ቬጋስ ባለካዚኖዎች የሚፎካከሩት በሕንፃ ነበር። አንዱ በ1989 ደጃፉ ላይ ሰው ሠራሽ እሳተ ገሞራ የሚያስተፋ ሆቴል ከፈተ። ሌላው በ1998 ውኃ በሙዚቃ የሚያስጨፍር ሰው ሠራሽ ሐይቅ ይዞ ብቅ አለ። ሃራስ የሚባለው ኩባንያ ግን እንዲህ ዓይነት ጉድ የሚያሰኝ ሕንፃ አልነበረውም። የነበረው በየግዛቱ የተበተኑ መካከለኛ ካዚኖዎችና በ1997 ያወጣው አንድ የፕላስቲክ ካርድ ነው። የካርዱ ስም ቶታል ጎልድ ይባል ነበር፤ ኋላ ቶታል ሪዋርድስ ተባለ።

በ1998 የኩባንያው አለቃ ፊል ሳትሪ ያልተለመደ ነገር አደረጉ። በቁማር ያረጀ ሰው መፈለጉን ትተው ከሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ጋሪ ላቭማን የተባሉ ፕሮፌሰር አመጡና የዕለት ሥራውን በሙሉ አስረከቧቸው። ሰውዬው ይዘው የመጡት ስሌት ነበር። በ2003 የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ። በዚያው ዓመት ሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው በተባለው መጽሔት ላይ ያደረጉትን ሁሉ ዘርዝረው ጻፉ። ልብ በሉ፤ የሰረቀ ሰው ኑዛዜ አይደለም። ኩራት ነው። በየንግድ ትምህርት ቤቱም እንደ ጥሩ ምሳሌ ተጠንቷል።

ፕሮፌሰሩ በደብተሩ ውስጥ ያገኙት ትልቁ ነገር ምን ነበር? ከደንበኞቹ 26 በመቶ የሚሆኑት ብቻ የገቢውን 82 በመቶ ያስገባሉ። ታዲያ እነማን ናቸው? በግል አውሮፕላን እየመጣ በአንድ ሌሊት ሚሊዮን የሚያፈስ ከበርቴ መስሏችሁ እንዳይሆን። ፕሮፌሰሩ እንደጻፉት፣ የቀድሞ መምህራን፣ የባንክ ሠራተኞች፣ ሐኪሞች፣ የማሽን ሠራተኞች ናቸው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ጊዜና ጥቂት የተረፈ ገንዘብ ያላቸው፣ ከሥራ ሲወጡ ማሽን ፊት የሚቀመጡ ተራ ሰዎች። በአጭሩ የእናንተና የእኔ አክስቶችና አጎቶች ማለት ነው። ካዚኖው በመርማሪ መነጽር ፈልጎ ያገኘው ወርቅ እነዚህ ናቸው።

«ስጦታው» እንዴት ይሰላል?

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ተጫዋቿ ካርዷን ማሽኑ ውስጥ ትሰካለች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እያንዳንዱ ጨዋታ ይጻፋል፤ ስንት እንዳስያዘች፣ በምን ያህል ፍጥነት እንደምትጫወት፣ ስንት ሰዓት እንደተቀመጠች፣ ስትበላና ስትበላላት ምን እንዳደረገች።

ከዚያ ሶፍትዌሩ አንድ ስሌት ይሠራል። ምሳሌውን እኔ ልስጣችሁ፣ የስሌቱ መንገድ ግን የእነሱ ነው። ሴትዮዋ በአንድ ጊዜ 1 ዶላር ታስይዛለች እንበል። በሰዓት 600 ጊዜ ብትጫወትና 4 ሰዓት ብትቀመጥ በድምሩ 2,400 ዶላር አስይዛለች ማለት ነው። ማሽኑ በረጅም ጊዜ ከተያዘው ገንዘብ 8 በመቶውን ለቤቱ እንዲያስቀር ከተደረገ፣ ከሴትዮዋ የሚጠበቀው ገቢ 192 ዶላር ነው። ያን ዕለት አሸንፋ ልትወጣ ትችላለች፤ ለደብተሩ ግድ የለውም። እሱ የሚጽፈው ከእሷ «የሚጠበቀውን» 192 ዶላር ነው። ደጋግማ ከመጣች ቁጥሩ እውነት መሆኑ አይቀርም።

እንግዲህ ከዚያች 192 ዶላር ሲሶውን፣ ማለትም 64 ዶላሩን ቀንሶ «የእኛ እንግዳ ነሽ፣ ዛሬ እራት በእኛ ነው፣ መኝታም ተይዞልሻል» ይላታል። ሴትዮዋ ደስ ይላታል። ለጎረቤቶቿ «እዚያ እኮ ያከብሩኛል!» ትላለች። የበላችው እራት ግን የራሷ ገንዘብ ነው፤ ለዚያውም ገና ያልከፈለችው። ሳሩን እንጂ ገደሉን የማያየው በሬ ሲባል የሰማነው እንዲህ ያለውን ነው።

ስጦታው ራሱ እንኳ ዝም ብሎ አይሰጥም፤ ይፈተናል። ፕሮፌሰሩ ሚሲሲፒ ግዛት ውስጥ ባደረጉት ሙከራ ተመሳሳይ ደንበኞችን በሁለት ከፈሉ። ለአንደኛው ቡድን 125 ዶላር የሚያወጣ ግብዣ ተላከ፤ መኝታ፣ ሥጋ ያለበት እራትና 30 ዶላር የመጫወቻ ገንዘብ። ለሁለተኛው ቡድን እራትም መኝታም የለም፤ 60 ዶላር የመጫወቻ ገንዘብ ብቻ። የትኛው ቡድን የበለጠ የተጫወተ ይመስላችኋል? ባለ 60 ዶላሩ! በግማሽ ወጪ የበለጠ ቁማር። ከዚያ ወዲያ ለዚያ ዓይነቱ ሰው ሥጋ ማብላት ለምን ያስፈልጋል? ደብተሩ ላይ ተጻፈ፣ አለቀ።

ሰውዬው ሲጠፋስ? እሱም ተሰልቷል። በየሁለት ሳምንቱ ይመጣ የነበረ ደንበኛ ወር ከጠፋ ሶፍትዌሩ ስሙን አውጥቶ ያስቀምጣል። ስልክ ይደወላል፣ ደብዳቤ ይላካል፣ «ናፍቀኸናል» ይባላል። ሰውዬው የጠፋው ታሞ ይሁን፣ ደመወዙ አልቆ ይሁን፣ ሚስቱ አስምላው ይሁን፣ ለግብዣው ልዩነት የለውም።

ደረጃም አለ፤ ወርቅ፣ ፕላቲነም፣ አልማዝ። አልማዙ ሳይሰለፍ ሲገባ ወርቁ ከሰልፉ ቆሞ እንዲያየው ሆን ተብሎ ተደርጓል። ለምን ቢባል፣ እሱም አልማዝ ለመሆን እንዲመኝ። አልማዝ የሚሆነው ደግሞ የበለጠ በመጫወት ነው፤ የበለጠ መጫወት ማለት በስሌቱ መሠረት የበለጠ መበላት ነው። በመበላት የሚገኝ ማዕረግ ከዚህ በቀር የት ታይቷል?

የምታምበት ቦታ

ናታሻ ዳው ሹል የተባሉ አሜሪካዊት የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ለዓመታት ላስ ቬጋስ ተመላልሰው ስለ ቁማር ማሽንና ስለ ሱሰኞቹ በ2012 አንድ መጽሐፍ አሳትመዋል። ከጻፉት ውስጥ እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው። ሶፍትዌሩ አንድ ተጫዋች ስንት ቢበላ ተናዶ እንደሚነሳ አስቀድሞ ይገምታል። የሕመም ነጥቡን ያውቀዋል ማለት ነው። ተጫዋቹ ወደዚያች ነጥብ ሲቃረብ አንድ ፈገግታ የማይለየው ሠራተኛ ድንገት ከጎኑ ብቅ ይላል። «ዛሬ እድል የተጣመመችብዎት ይመስላል፤ እስቲ ይህችን የምሳ ኩፖን ይያዙ» ይለዋል። ለእነዚህ ሠራተኞች «የዕድል አምባሳደር» የሚል ስም ተሰጥቷቸው ነበር። እንዲያው ስሙስ!

ይህን ካነበብሁ በኋላ ላስ ቬጋስ የሚኖር የኮሌጅ ጓደኛዬ ጋ ደወልሁ። ላስ ቬጋስ ብዙ ወገን አለን፤ ታክሲ የሚነዳ አለ፣ ሆቴል ክፍል የምታጸዳ አለች፣ ካርታ የሚያድል አለ። ጓደኛዬ ካርታ አዳይ ነው።

«እውነት ነው እንዴ?» አልሁት።

«አንተ፣ ምኑ ይገርምሃል?» አለኝ። «አንድ ሰው ጠረጴዛዬ ላይ ሲቀመጥ ከሰላምታ ቀጥሎ የማነሳው ካርድ አለው ወይ የሚለውን ነው። ካርዱን ከሰጠ አለቃዬ ኮምፒዩተሩ ላይ ስሙን ያያል። ከዚያ መጥቶ በስሙ ይጠራዋል። ሰውዬው ስሙ ሲጠራ ፊቱ እንዴት እንደሚበራ ብታይ! ዘመድ ያገኘ ነው የሚመስለው።»

«ካርድ ከሌለውስ?»

«እንዲያወጣ እንለምነዋለና! ያለ ካርድ የሚጫወት ሰው ለእኛ መንገደኛ ነው።»

እስቲ ነገሩን አስቡት። አገሩን ጥሎ የሄደ፣ ብቻውን የሚኖር፣ ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ስደተኛ፣ በስሙ የሚጠራው አንድ ቦታ ቢኖር ወዴት ይሄዳል? ይህ ሶፍትዌር የሚሸጠው ብቸኛ ለሆነ ሰው ዝምድና ነው፤ ዝምድናውን የጻፈው ግን ኮምፒዩተር ነው።

ፍርድ ቤቱ ምን አለ?

አሜሪካ ሕግ ያለበት አገር ነው ይባላል። ኢንዲያና ግዛት ውስጥ አንዲት ሴት በ2006 በአንድ ሌሊት 125,000 ዶላር ተበላች። የከፈለችበት ቼክ ስንቅ አልነበረውምና ካዚኖው ከሰሳት። እሷም መልሳ ከሰሰች፤ «ሱሰኛ መሆኔን እያወቃችሁ ነፃ መጓጓዣ፣ ነፃ መኝታ፣ ነፃ ምግብ እያላችሁ ጎተታችሁኝ» አለች። ጉዳዩ እስከ ግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2010 ፍርድ ቤቱ ለካዚኖው ፈረደ። ሱሰኛን ከመጋበዝ የመቆጠብ ግዴታ ሕጉ በካዚኖው ላይ አልጣለም፤ ራሷን «አታስገቡኝ» ከሚባለው መዝገብ ላይ ማስጻፍ ትችል ነበር ተባለ።

አያችሁ ፍርዱን? ስለ ሴትዮዋ ልማድ ከራሷ በላይ የሚያውቅ ደብተር ያለው ካዚኖው ነው፤ ራሷን እንድታውቅ ግዴታ የተጣለባት ግን ሴትዮዋ ናት። የሚያውቀው አይጠየቅም፣ የማታውቀው ትጠየቃለች። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። ይሁንና ሚዛኑ የት ላይ እንደተንጋደደ ለማየት ጠበቃ መሆን አያሻም።

ደብተሩ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የታወቀው ደግሞ ኩባንያው ሲወድቅ ነው። ሃራስ በ2005 ትልቁን ሲዛርስ ገዛ፤ በ2010 በሲዛርስ ስም ተጠራ። በ2008 በብድር በተገዛበት ጊዜ የተሸከመው ዕዳ ጀርባውን ሰበረውና በጥር 2015 ዋናው ክፍሉ በ18 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ። አበዳሪዎቹ ንብረቱን ሲተምኑ ከሆቴሎቹም ከመሬቶቹም በልጦ የተገኘው ምን ነበር? ደብተሩ! በ17 ዓመት የተሰበሰበ የ45 ሚሊዮን ሰዎች መዝገብ። 1 ቢሊዮን ዶላር ያወጣል ተባለ። በዓለም የታወቀ ሕንፃ ያለው ኩባንያ፣ ትልቁ ሀብቱ የሰዎች ድክመት የተጻፈበት መዝገብ ሆኖ ተገኘ።

መዝገብ ደግሞ ይሰረቃል። በመስከረም 2023 ሰርጎ ገቦች የሲዛርስን የደንበኞች መዝገብ ኮፒ አድርገው መውሰዳቸው ታወቀ። የብዙ አባላት የመንጃ ፈቃድና የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር እንደነበረበት ኩባንያው ራሱ ለመንግሥት አሳውቋል። በነፃ እራት ተስበው የሰጡት ስም ሌባ እጅ ገባ።

«ምን ክፋት አለው?» ለሚሉ

የሌላውንም ወገን መስማት ደግ ነው። ባለካዚኖዎቹ የሚሉት አላቸው። «ማንንም አስገድደን አላስገባንም፤ አዋቂ ሰው በገንዘቡ ይዝናና። ልኳንዳ ነጋዴውም ደንበኛው ሻኛ እንደሚወድ ያውቃል፤ እኛም ደንበኛችንን አወቅን፣ ምን ክፋት አለው?» ይላሉ። ለእውነት ለመናገር ደግሞ ሃራስ ስለ ቁማር ሱስ ከሌሎቹ ቀድመው ሠራተኞቻቸውን ካስተማሩት አንዱ ነው። ራሱን ላስመዘገበ ሰውም ግብዣ አይላክም።

መልሴ አጭር ነው። ልኳንዳ ነጋዴው ሻኛ እንደምወድ ቢያውቅ ሻኛውን ይዤ ቤቴ እገባለሁ፤ ልጆቼ ይበላሉ። ካዚኖው ሲያውቀኝ ይዤው የምገባው ነገር የለም። እሱ የሚሸጠው ዕቃ የእኔው መበላት ነው። ስለዚህ እኔን በደንብ ማወቅ ማለት በደንብ መብላት ማለት ነው። ሁለቱን እውቀት በአንድ ስም መጥራት ሐኪምንና መርዘኛን ሁለቱም መድኃኒት ያውቃሉ ብሎ እንደማመሳሰል ነው።

ደግሞስ፣ «ራሱን ያስመዘገበ አይጋበዝም» ከተባለ፣ ያላስመዘገበውን ሱሰኛ ማን ያያል? ሌሊት ሙሉ ከማሽኑ ያልተነሳውን፣ በሰዓት የሚያስይዘው በየሳምንቱ የሚጨምረውን፣ ከደመወዝ ማግስት መጥቶ በሦስተኛው ቀን የሚያልቅበትን ሰው ደብተሩ ያየዋል። እንዳየው ደግሞ «ምርጥ ደንበኛ» ብሎ ይጽፈዋል። ዋናው ነገሬ ይህ ነው፤ በሽተኛውንና ምርጡን ደንበኛ የሚያሳየው ምልክት አንድ ነው። ሶፍትዌሩ ሁለቱንም ያውቃል። ምን ይደረግ የሚለውን የሚወስኑት ባለቤቶቹ ናቸው።

ኖርዌዮች ስልኩን አንስተው ደወሉ

«ታዲያ ምን ይደረግ? ኮምፒዩተር ይሰበር?» ትሉኝ ይሆናል። አይሰበርም። ያው ኮምፒዩተር ለደግ ሥራ ሲውል ታይቷል።

ኖርዌይ በ2007 በየሱቁና በየካፌው የነበሩትን የግል የቁማር ማሽኖች ጠራርጋ አወጣች። ቆይቶ የመንግሥቱ የቁማር ድርጅት ኖርስክ ቲፒንግ በሌላ ማሽን ተካቸው። አዲሱም ካርድ ይጠይቃል። ግን ካርዱ የሚቆጥረው ሽልማት አይደለም፤ የዕለትና የወር የመበላት ጣሪያ ነው። ጣሪያው ሲደርስ ማሽኑ «በቃህ» ይላል። ያው ካርድ፣ ያው ደብተር፣ ሥራው ግን የተገላቢጦሽ።

ሌላም አደረጉ። በ2019 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው ከድርጅቱ ደንበኞች ብዙ ገንዘብ ከሚያጡት ውስጥ 3 ሺህ ያህሉ ተመርጠው በሦስት ተከፈሉ። ለአንደኞቹ ስልክ ተደወለ። «ናፍቀኸናል» ለማለት ግን አይደለም፤ ምን ያህል እያወጡ እንደሆነ ለመንገር ነው። ለሁለተኞቹ ያው ነገር በደብዳቤ ተላከ። ሦስተኞቹ ምንም አልተነገራቸውም። በ12 ሳምንት ውስጥ፣ በዚያው ከላይ ባሳየኋችሁ ዓይነት ስሌት፣ የተደወለላቸው ሰዎች የሚጠበቅባቸው ኪሳራ በ29 በመቶ ቀነሰ። ደብዳቤ የደረሳቸው በ15 በመቶ ቀነሱ። ምንም ያልተነገራቸው 3 በመቶ ብቻ።

እንግዲህ ማንም አልከለከላቸው፣ ማንም አልገሠጻቸው። ደብተሩን ብቻ አነበቡላቸው! የዱቤው ባለሱቅ በየወሩ የሚያደርገውን ነው ያደረጉት። ሰው የተበላውን ቁጥር በጆሮው ሲሰማ ከጠረጴዛው ይነሳል። ካዚኖዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ነው ደብተሩን የማይገልጡት።

ስዊድንም ከ2019 ጀምሮ አንድ አገር አቀፍ መዝገብ አላት። አንድ ሰው ስሙን አንድ ጊዜ ካስጻፈ ፈቃድ ያላቸው የቁማር ድርጅቶች በሙሉ ይዘጉበታል። ጉርሻም ቢሆን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጫወት ካልሆነ በቀር እንዳይሰጥ ሕጉ ከልክሏል።

ወደ ቤታችን

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። በየመንደሩ የኳስ ውርርድ ቤት ሲከፈት አይተናል። መጀመሪያ ነገሩ ወረቀት ነበር። ልጁ አሥር ጨዋታ ገምቶ ይቆርጣል፣ ወረቀቷን ኪሱ ይከታል፣ ማታ አንዱ ቡድን ጉድ ሲሠራው ቀዶ ይጥላታል። ኪሳራው ኪሳራ ነው፤ ግን ስም አልነበረውም። ቤቱ ማን እንደተበላ አያውቅም።

ዛሬ ውርርዱ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ቴሌብር በ2021 ከመጣ ወዲህ ገንዘቡም በስልክ ነው የሚሄደው። ስለዚህ እያንዳንዱ ውርርድ ስልክ ቁጥር አለው፣ ሰዓት አለው፣ መጠን አለው። ላስ ቬጋስ በፕላስቲክ ካርድ ለምኖ ያገኘውን፣ እኛ ስልካችንን ከፍተን በራሳችን ጣት ጻፍንለት። ደብተሩ ተዘርግቷል።

እኔም ለዚህ ጽሑፍ ስል በአንድ ስሙን በማልጠራው ድርጅት ተመዝግቤ በጥቂት ብር ለሁለት ሳምንት ተወራርጄ ነበር። ስወራረድ ማንም አልፈለገኝም። ስተው ነው መልእክቱ የጎረፈው! «ጉርሻ ተዘጋጅቶልሃል»፣ «ዛሬ ማታ እንዳያመልጥህ»፣ «ነፃ ውርርድ አለህ»። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ልክ ጨዋታ ሊጀመር ሲል። ያን ሁሉ መልእክት ሲልኩልኝ ግን አንድ ቀን እንኳ «በሁለት ሳምንት ይህን ያህል ተበልተሃል» የሚል አልላኩልኝም። ሒሳቡ እጃቸው ላይ ነበር።

እኔ ጸሐፊ ነኝ፣ ተውኩት። ያን መልእክት በዚያችው ሰዓት ያነበበው ሥራ ፈላጊ ወጣትስ? የቤት ኪራይ ብሩን በስልኩ የያዘው አባወራስ? ለእሱ ያ መልእክት የዕድል አምባሳደሩ ነው። ፈገግ ብሎ ከጎኑ ቆሟል፤ ልዩነቱ አለመታየቱ ብቻ ነው።

ሕግ የለም አይባልም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማየት መብት ሰጥቶታል። መብት በነጋሪት ጋዜጣ ላይ መተኛቱ ግን ለውርርድ ቤቱ ተጫዋች እንቅልፍ አይሆነውም። ማን ሄዶ «ደብተሬን አሳዩኝ» ይላል? መብት እንዳለውስ ማን ነገረው?

ስለዚህ ለቁማር ፈቃድ የሚሰጠውና ከቁማር ግብር የሚሰበስበው ክፍል እነዚህን ሦስት ነገሮች በፈቃዱ ላይ ይጻፍ።

አንደኛ፣ ማንኛውም የውርርድ ድርጅት በየወሩ መጨረሻ ለእያንዳንዱ ደንበኛ በስልኩ አንድ መልእክት ይላክ፤ «በዚህ ወር ይህን ያህል አስያዝህ፣ ይህን ያህል ተመለሰልህ፣ ይህን ያህል ተበላህ»። የጉርሻ መልእክት ለመላክ የሚያንስ ገንዘብ የለም፣ ለዚህም አያንስም።

ሁለተኛ፣ ለተወ ሰው የመመለሻ ጉርሻ መላክ ይከልከል። የተወን ሰው ፈልጎ መጥራት ንግድ አይደለም፤ ወጥመድ ነው።

ሦስተኛ፣ አንድ መዝገብ ይኑር። ሰው «ዝጉኝ» ብሎ በአንድ ቦታ ሲያስጻፍ ድርጅቶቹ በሙሉ ይዝጉበት። ከአንዱ ሲወጣ ሌላው በር ላይ የሚጠብቀው ከሆነ መውጣት የሚባል ነገር የለም።

«ይህን ብናደርግ ገቢያችን ይቀንሳል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ኖርዌይም ቀንሷል። ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ደንበኛው የተበላውን ስላወቀ ብቻ የሚቀንስ ገቢ፣ ድሮውንስ ምን ዓይነት ገቢ ነበር?

ባለሥልጣኑ እስኪሰማ ግን ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለም። በስልካችሁ የምትወራረዱ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዛሬ ማታ የገንዘብ ማስተላለፊያችሁን የሦስት ወር ዝርዝር አውጡ። ለውርርድ የወጣውን በአንድ ወገን፣ የተመለሰውን በሌላ ወገን ጻፉ፣ ደምሩ። እነሱ በየደቂቃው የሚያደርጉትን እናንተ አንድ ማታ አድርጉት። ከቤታችሁ ሰው አንዱ አጠገባችሁ ይቀመጥና ድምሩን ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ።

የዱቤው ባለሱቅ እንኳ ደብተሩን ሳይዘረጋ ሒሳብ አይጠይቅም። ሳይዘረጋ የሚያስከፍል ካለ፣ እሱ ባለሱቅ አይደለም።

ቸር ይግጠመን!